ግራዚያኒ ሆይ፣ እንደምን ከርመሃል?

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናትህ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል ሠልስቱ አለፈ፤ አርባው አለፈ፤ ሰማንያው አለፈ፤ ከዚያ በኋላ በየትኛው ፊቴ ልጻፍልህ? ነፍሳቸውን ይማር። በቤታችሁ የበላሁት እንጀራ ይፈርድብኛል።

የድሮ ስምህን ከላይ የጻፍኩት ያለ ነገር አይደለም። ዘንድሮ ለየካቲት 12 መታሰቢያ ተማሪዎቼ ያንን ትርኢት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሠሩት። አብርሃ ደቦጭንና ሞገስ አስገዶምን ለመሆን የክፍሉ ግማሽ እጁን አወጣ። ስምዖን አደፍርስ የሚነዳትን የካርቶን መኪና ለመያዝ ሁለት ልጆች ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ግራዚያኒን ማን ይሁን? ጸጥ። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ ረጅም ዝምተኛ ልጅ “እኔ ልሁን” አለ። አንተን አየሁህ፤ የአባትህን ካፖርት ለብሰህ፣ ደረትህ ላይ የቆርኪ ኒሻን ደርድረህ።

ቆርኪው ዘንድሮም አልቀረም፤ የዚያን ዘመን ገንዘብ፣ ማርትሬዛ ብር ሆነ። በ1929 ዓ.ም. ድሃው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ የተሰበሰበው ለጣሊያን ንጉሥ ወንድ የልጅ ልጅ ተወለደለትና ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ነበር። በእኛ ጊዜ ይህ ተዘልሎ ቦምቡ እንደ ተወረወረ ይጨበጨብ ነበር። እኔ ድሆቹ ይኑሩ አልኩ። ሠላሳ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ጆንያና አሮጌ ነጠላ ለብሰው ተሰለፉ፤ ሁለት ሁለት ቆርኪ ይታደላቸው ጀመር።

ቦምቡ በከሰል የጠቆረ ድንች ነው። አንዱ ግራዚያኒን ግንባሩ ላይ አገኘውና ልጁ የምሩን ወደቀ። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ እንደ ተጻፈለት ተነሣ፤ ሰውዬው ቆስሎ ተርፎ የለ? ከፊት የተቀመጠ አንድ ሕፃን “ለምን ተነሣ?” ብሎ ጮኸ። ማንም አልሳቀም። ልጁ በአንድ እጁ ግንባሩን እንደያዘ ሌላውን ወደ ድሆቹ ዘረጋ፤ ሠላሳውም አቧራው ላይ ተጋደሙ። ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን፣ በአካፋና በዱላ የተገደሉትን፣ ከነቤታቸው የተቃጠሉትን፣ እኛ 30,000 ብለን የቆጠርነውን ወገን አንዲት ተማሪ አነበበች። ንባቡ ረዘመ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሟቾቹ አንዷ አስነጠሳት።

ሲያበቃ ቆርኪውን ስሰበስብ ያቺው ልጅ ጡጫዋን አልከፍትም አለች። “መምህር፣ እኔ እኮ ቦምቡ ሳይወረወር ነው የተቀበልኩት!” ተውኩላት።

የረጅሙ ልጅ ግንባር አብጦ ሰነበተ። እብጠቱ ጠፋ፤ ስሙ ግን አልጠፋም። መንገድ ላይ ሳይቀር “ግራዚያኒ!” ይሉታል። ትናንት እናቱ መጥተው አዘኑብኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። አንተ ከዚያ ስም እንዴት እንደ ተገላገልክ ጻፍልኝና ለልጁ ልንገረው። ወይስ አልተገላገልክም?

ያው ጓደኛህ