አፋችንን በነጠላ ሸፍነን

ለዝግጅት ክፍሉ፦ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እሑድ ከአራዳ ጊዮርጊስ አስቀድሼ ወደ ታክሲ ስሄድ ከፊቴ አንድ ጎልማሳ ነበር። ቆርቧል። እንደምታውቁት የቆረበ ሰው ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ እሱም አፉን በነጠላው ሸፍኗል። በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ የጦርነት ወሬ ይሰማል። ድንገት ነጠላውን ከአፉ ዝቅ አደረገና ለጓደኛው «አሁን ነበር ጠራርጎ መጨረስ!» አለው። ከዚያ መልሶ ተሸፈነ።

ልፈርድበት አይደለም። በ2014 እኔም ያው ነበርኩ። ዲያቆኑ ስለ ሰላም ጸልዩ፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ግራ ቀኝ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ከበር ስወጣ «በለው!» እላለሁ። አክሱም ያለውም ሰው እኮ በዚያው ሰዓት ያንኑ ቅዳሴ ነበር የሚያስቀድሰው፣ ያንኑ ጾም ነበር የሚጾመው። የትግራዩን ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጀምረን ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ እስኪፈረም፣ ሁለት ዓመት ሊሞላን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሁለታችንም «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» ስንል ከረምን። (ጴንጤ ጓደኞቼም ከዚህ አልተሻሉም።) የፈለጋችሁትን ፖለቲካ ደግፉ፣ እግዚአብሔርን ግን ለቀቅ አድርጉት።

ይህን ሳነሣ ወዲያው የሚመጣብኝ «ታቦተ ጊዮርጊስ ዓድዋ ዘምቶ የለ? አቡነ ጴጥሮስስ?» የሚል ነው። እሺ። በ1888 የመጣው ባሕር ተሻግሮ አገር ሊወስድ ነው፣ የእኛ ግን የወንድማማቾች ነበር። አቡነ ጴጥሮስም ሐውልታቸው እዚያው ፒያሳ ነው፣ ሄዳችሁ እዩት፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 የተረሸኑት አርበኞቹን አላወግዝም ብለው ነው። የሰጡት የራሳቸውን ነፍስ ነው። እኛ የምንሰጠው የሰው ልጅ ነው፣ ያውም ማኪያቶ እየጠጣን።

ከጎረቤታችን አንዷ እናት ልጃቸው ያኔ ዘመተ። ሽኝቱ ላይ አጨብጭቤያለሁ፤ ለመንገድ ብዬ ሁለት መቶ ብር ኪሱ ከትቼለታለሁ። እስከ ዛሬ ወሬውም የለ፣ መርዶም አልመጣላቸው። ቅዳሴ ላይ በሴቶቹ በኩል ቆመው አያቸዋለሁ፤ ስንወጣ ክንዴን ያዝ ያደርጉና «ስሙን እያነሣህ ጸልይልኝ» ይሉኛል። በሰፈር የማውቀው በቁልምጫው ነበር። የክርስትና ስሙን የነገሩኝ አሁን ነው።

ከፒያሳ፣ አንባቢያችሁ