ጠበቃውን ብቻቸውን አትተዋቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምፅፈው ከደሴ ሸዋ በር ነው። ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ «የፖለቲካ እስረኛ የሚይዙ ጠበቆች ብር ስላለው ነው» ብሎ የፃፈውን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ወንድሜ አምና ክረምት ከስራ ሲመለስ ተያዘ። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰአት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ እሱ የቀረበው ግን በዘጠነኛው ቀን ነው። እኔና እማዬ ጠበቃ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ዞርን። አንዱ «እህቴ፣ የውርስ ወይ የመሬት ጉዳይ ቢሆን እሺ፣ ይሄ ግን ይቅርብኝ፣ ልጆች አሉኝ» አለን፣ ሌላው ስልክ ማንሳት አቆመ፣ ወላሂ አልፈረድኩባቸውም፣ ፈርተው ነው። በመጨረሻ የያዙልን ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት በሚኒባስ እየወጡ የሚመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ከኛ የተቀበሉት የትራንስፖርት ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ወንድሜ የታሰረበት ግቢ በር ላይ ከጠዋቱ 2 ሰአት ተኩል እስከ 8 ሰአት ቆሙ። የደሴን የነሐሴ ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ፋይሉን በፌስታል ጠቅልለው ኮታቸው ስር ይዘውታል። ጥበቃው «አለቃ ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ይምጡ» ይላል። እሳቸው ቀስ ብለው «ልጄ፣ አንቀፅ 21 ታሳሪ ከጠበቃው ጋ ይገናኝ ይላል፣ አትገባም ካልከኝ በፅሁፍ ስጠኝ» አሉት። ማን ይሰጣቸዋል! ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው፣ እማዬ ዣንጥላ ይዛላቸው፣ አቤቱታውን በእጃቸው ፃፉ። በሶስተኛው ቀን አስር ደቂቃ አገናኟቸው። ወንድሜን ስለ ፖለቲካ ምንም አልጠየቁትም፣ መቼ ተያዝክ፣ ማን ያዘህ፣ ተመተሃል ወይ፣ እሱን ብቻ።

ችሎት ላይ ፖሊስ የምስክር ቃል ይቀረኛል ብሎ ወንድሜን አስሮ ለማቆየት 14 ቀን ተፈቀደለት፣ ህጉ በአንዴ ከዛ በላይ አይሰጥም። በቀጣዩ ቀጠሮ ያንኑ ምክንያት ሲደግም ጠበቃው የባለፈውን ችሎት ማስታወሻ አውጥተው ቃል በቃል አነበቡና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በነዚህ 14 ቀናት የስንት ምስክር ቃል ተቀበሉ?» አሉ። መርማሪው ዝም። ዋስትና ተፈቀደ፣ ግን ስድስት ቀን ሳይለቁት ቆዩ፣ እሳቸው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለት ያለ ህግ የተያዘ ሰው ይለቀቅ ብሎ ፍርድ ቤት መጠየቂያ፣ ሊያስገቡ ሲሉ ወጣልን፣ አልሀምዱሊላህ። እስካሁን ክስ የለበትም።

ዋስ ተፈቅዶ አለመለቀቅ እኮ አዲስ አይደለም። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ዳኛ እያሉ አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ ይለቀቁ ብለው ሲያዙ ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዛቸው። ስዬ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው፣ ያ ሁሉ ስልጣን አላዳናቸውም። ብርቱካንም በኋላ ራሳቸው ታስረዋል። ዛሬ «ጠበቃ ለምኑ ነው» የሚል ሰው ይሄን ቢያስብ ጥሩ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ጠበቆች፣ በናታችሁ፣ እያንዳንዳችሁ በአመት አንዲት እንዲህ ያለች መዝገብ ብትይዙ ማንም ተለይቶ አይታይም። እሳቸው ብቻቸውን ስለሆኑ ነው ስማቸው የተያዘው፣ ማታ ማታ የማይታወቅ ስልክ የሚደወልባቸው። ችሎት ላይ ካባ ለብሳችሁ አጠገባቸው ብትቆሙ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ሐሙስ የሌላ ልጅ ቀጠሮ አለባቸው፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይመጣሉ።

አንዲት እህት፣ ከደሴ