መንገዱን ላነጠፋችሁልን ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ለመንገድ አስተካካዮች፣ ለባለ መሬቶች፣ ምልክት ለተከላችሁ፣ ለመካኒኮች፣ ከፊትና ከኋላ ሆናችሁ ጉዞውን ለመራችሁ በጎ ፈቃደኞች በሙሉ፦

የዘንድሮው የሙሉ ቀን የስኖውሞቢል (ከፊት ስኪ በሚባሉ መንሸራተቻዎች፣ ከኋላ በጎማ ሰንሰለት በረዶ ላይ የሚሄድ ባለ ሞተር መጓጓዣ) ጉዞ ማንም ሳይጎዳ፣ ማንም መንገድ ላይ ሳይቀር ተፈጽሟል። በጫካ፣ በእርሻ ማሳ፣ በረግረግና በሐይቅ ላይ እያቋረጠ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ መስመር በአንድ ቀን ሲጠናቀቅ፣ ለነጂው ቀላል ይመስለዋል። ቀላል ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ጠቅለል አድርጎ “እናመሰግናለን” ብሎ ማለፉ አልዋጥልን ስላለ፣ የእያንዳንዳችሁን ሥራ እየዘረዘርን ልናመሰግናችሁ ወደድን።

በቅድሚያ ምስጋናችን ሌሊቱን ሙሉ ማለስለሻውን፣ ማለትም የበረዶውን መንገድ የሚደለድለውን ባለ ስለት መሣሪያ፣ በትራክተር ለጎተታችሁ ሾፌሮች ይሁን። ብዙ ስኖውሞቢል ያለፈበት መንገድ በጉብታ እንደሚሞላ ነጂ ሁሉ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ነጂ ከመታጠፊያ ሲወጣ ጋዝ ይሰጣል፣ የጎማው ሰንሰለትም በረዶውን ወደ ኋላ ይዝቀዋል። መታጠፊያ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፣ በረዶው ወደ ፊት ይገፋል። የመጀመሪያዋ ጎድጓዳ ከተፈጠረች፣ ተከታዩ ነጂ ከእሷ ዘሎ ሲያርፍ ሁለተኛዋን ይቆፍራል፤ እንዲህ እያለ መንገዱ በሙሉ ጎድጓዳና ጉብታ ይሆናል። ላዩ ላይ አዲስ በረዶ ቢወርድበት ጎድጓዳውን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም። ጉብታው ከሥሩ ተቆርጦ መነሣት አለበት። የማለስለሻው የፊት ስለቶች ይቆርጡታል፣ መካከለኞቹ የተቆረጠውን እያገላበጡ ይፈጩታል፣ በመጨረሻም ሰፊው ጠፍጣፋ ብረት ደልድሎ ይጫነዋል። ስለቱ እስከ ጎድጓዳው ወለል ካልወረደ የጉብታውን ጫፍ ብቻ ይላጫል። የተላጨ መንገድ ጧት ያምራል፤ ቀኑ ሳይጋመስ ግን ጉብታው እዚያው ቦታው ላይ ተመልሶ ይገኛል። ስለቱ ከመጠን በላይ ከወረደ ደግሞ አፈርና ድንጋይ እያወጣ ከበረዶው ጋር ይቀላቅላል። ይህንን ልክ በጨለማ፣ በትራክተር መብራት፣ በመስታወት ወደ ኋላ እያዩ መጠበቅ ከፍተኛ ችሎታ ይጠይቃል።

ሥራው የሚያልቀውም በዝግታ ነው። ትራክተሩ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ቢፈጥን ማለስለሻው ራሱ መዝለል ይጀምርና ሊያጠፋው የመጣውን ጉብታ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ስለዚህ 80 ኪሎ ሜትር ማለት ያለ እረፍት የ8 ሰዓት ሥራ ነው። ሌሊት የሚመረጠውም በምክንያት ነው። ተፈጭቶ የተደለደለ በረዶ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ሲሚንቶ እስኪጠነክሩ ብርድና የብዙ ሰዓት ዕረፍት ይፈልጋል። ሌሊት ብርዱ ይበረታል፣ ነጂም የለም። ገና ሳይጠነክር አንድ ስኖውሞቢል እየፈጠነ ቢያልፍበት የሌሊቱን ድካም ሁሉ ያበላሸዋል። በዚህ አጋጣሚ ነጂዎችን አንድ ነገር እንለምናለን፦ ማለስለሻው ፊት ለፊት ሲመጣ ቀኝ ዳርን ይዛችሁ ቁሙ፤ ከኋላው ከደረሳችሁ ደግሞ ሾፌሩ አይቷችሁ ምልክት እስኪሰጣችሁ አትቅደሙት። ከማለስለሻው ግራና ቀኝ የሚተርፈው ቦታ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ ሾፌሩም ከሞተሩ ድምፅ የተነሣ አይሰማችሁም።

በረዶው ከመውረዱ ከወራት በፊት መጋዝና ገጀራ ይዛችሁ ጫካ የገባችሁትን ደግሞ ማን ያስታውሳችኋል? እኛ እናስታውሳለን። ቅርንጫፍ የሚቆረጠው ቁሞ ለሚሄድ ሰው ራስ ብቻ ተለክቶ አይደለም። በረዶው ሲከመር መንገዱ ራሱ ከፍ ይላል፣ ቅርንጫፉም በላዩ ላይ በተሸከመው በረዶ ወደ ታች ይጎብጣል። በደረቅ ወቅት ከራስ በላይ በጣም ርቆ የሚታየው ቅርንጫፍ በብርዱ እኩሌታ ፊት ላይ ይመጣል። ድልድዮቹንም ጣውላ በጣውላ ስታዩ፣ የላላውን ስታጠብቁ፣ የበሰበሰውን ስትቀይሩ ነበር፤ በዚያ ድልድይ ላይ የሚያልፈው ቀላሉ ስኖውሞቢል ብቻ ሳይሆን ብዙ ቶን የሚመዝነው ትራክተርም ጭምር ነውና።

ረግረጉን የረገጣችሁ ወገኖች ሥራችሁ ከሁሉም በላይ የተሰወረ ነው። ለስላሳ በረዶ ብርድን ይከላከላል። ረግረግ ላይ ቀድሞ ከወረደ፣ አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ደርሶም እንኳ ከሥሩ ያለው ጭቃ ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው በቀላል ስኖውሞቢል ደጋግሞ እየተመላለሱ በረዶውን መጠቅጠቅ፣ ብርዱ ወደ ታች እንዲዘልቅ ማድረግና ለቀናት መጠበቅ ነው። ይህ ሳይደረግ ትራክተር ቢገባ ሰምጦ ይቀራል፤ ማውጣቱም የቀናት ፈተና ነው።

ሐይቁን ላቋረጥንበት መስመር ውሃው ላይ የረጋውን ግግር እየበሳችሁ ውፍረቱን የለካችሁልንን በተለየ ሁኔታ እናመሰግናለን። አዲስ፣ ጥርት ያለና ጠንካራ ግግር ለአንድ ስኖውሞቢል ቢያንስ ከ13 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ነጭ ሆኖ የደፈረሰው፣ በረዶ የተቀላቀለበት ግግር ጥንካሬው የጥርቱ ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ ውፍረቱ በእጥፍ ይታሰባል። አንድ ቦታ ለክቶ ሐይቁን ሁሉ ማመን እንደማይገባ እናንተ በሥራችሁ አሳይታችኋል፦ ወንዝ የሚገባበትንና የሚወጣበትን፣ ጠባቡን ወሽመጥ፣ ምንጭ የሚፈልቅበትን ስፍራ በሙሉ በሰፊው ዞራችሁ መስመሩን ከዚያ አራቃችሁ። ትንሽ ወራጅ ውሃ ግግሩን ከሥር እየበላ እንደሚያሳሳው፣ ከላይም ምንም እንደማይታይ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጠነቀቀው።

ምልክት የተከላችሁትን የምናመሰግነው ጨለማ ውስጥ ስለምንነዳ ነው። የስኖውሞቢል የፊት መብራት በአጠቃላይ 60 ሜትር ገደማ ያሳያል። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሴኮንድ 18 ሜትር ይሄዳል፤ አደጋውን አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ገና ሳይነካ 27 ሜትር አልቋል። የቀረው ርቀት በጠነከረ ግግር ላይ ለመቆም አይበቃም። መታጠፊያውን ቀድሞ የሚናገር አንጸባራቂ ምልክት ይህንን ስሌት ይለውጠዋል። ምልክት ደግሞ ተተክሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ ነፋስ የገፋው በረዶ ይሸፍነዋል፣ ማለስለሻው ይገጨዋል፣ ስኖውሞቢል የበተነው ብናኝ ተጣብቆ ፊቱን ያጨልመዋል። ከእያንዳንዱ ውሽንፍር በኋላ እየዞራችሁ ስለጠረጋችሁት እጃችሁ ይባረክ።

መካኒኮቻችን፣ ጧት ከመነሣታችን በፊት በብርዱ ተንበርክካችሁ የፈተሻችሁት ሁሉ ውጤቱ ቀኑን ሙሉ ታይቷል። ይህንን ክፍል ትንሽ እናስረዝመዋለን፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ለሚዘጋጁ ሁሉ ይጠቅማልና።

ሌሊት ውጭ ባደረ ስኖውሞቢል ሰንሰለቱና ስኪው ከመሬት ጋር ይጣበቃሉ። መሪውን ግራና ቀኝ አወዛውዞ፣ የኋላውን በመያዣው ከፍ አድርጎ ማላቀቅ ይቀድማል። ይህንን ሳያደርጉ ጋዝ መስጠት የሞተሩን ኃይል ወደ ሰንሰለቱ የሚያደርሰውን ቺንጋ ያቃጥላል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይሞቅ ጋዝ ከተሰጠው፣ አሉሚኒየሙ ፒስተን ቶሎ ሞቆ ይሰፋል፤ ሲሊንደሩ ግን በዙሪያው ባለው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ምክንያት ሳይሰፋ ይቆያል። ያኔ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ስለዚህ “ይሙቅ፣ ቆዩ” እያላችሁ ያስቆማችሁን ለሞተሩ ብላችሁ ነበር።

ቺንጋውም እንዲሁ ነው። በብርድ ደርቆ ስለሚያድር የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በቀስታ መነዳት አለባቸው፤ አዲስ ከሆነ ደግሞ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ድረስ ሙሉ ጋዝ አይሰጠውም። መለዋወጫ ቺንጋ ሳይዝ የወጣ ሰው ከመነሻው እንዲመለስ ማድረጋችሁ ተገቢ ነበር። ሲበጠስም አዲሱን ቶሎ ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ ቺንጋው በሚዞርበት ፍሪሲዮን ውስጥና በዙሪያው የተጠቀለለው ክርና ቁርጥራጭ ተለቅሞ ካልወጣ አዲሱም ብዙ አይሄድም።

የሰንሰለቱን ውጥረት በየማሽኑ መመሪያ መሠረት ለክታችኋል። የላላ ሰንሰለት ጋዝ ሲሰጠው ጥርሱን እየዘለለ ይንቋቋል፤ የጠበቀው ኃይል ይበላል፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል። ሰንሰለቱ የሚንሸራተትባቸውን የፕላስቲክ ሐዲዶችም አይታችኋል። እነዚህ ሐዲዶች ቅባታቸውም ማቀዝቀዣቸውም የሚበተነው በረዶ ነው። ባዶ ግግር ላይ በረዶ ሲጠፋ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ የሞተሩም ሙቀት ይጨምራል፣ ራዲያተሩ ከመቀመጫው በታች ሆኖ የሚቀዘቅዘው ሰንሰለቱ በሚረጭበት በረዶ ነውና። ግግር ፍቀው ብናኝ የሚያስነሡትን መቧጠጫ ሽቦዎች አውርዶ መሄድ፣ አልፎ አልፎም ዳር ወዳለው ለስላሳ በረዶ መውጣት ለሁለቱም መድኃኒት ነው። ወደ ኋላ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሽቦዎቹን አንሡ፤ ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ ይሰበራሉ። በስኪው ሥር ያለው የካርባይድ ስለት የደነዘበትን ሰው መሪ ቢጠመዝዝም ስኖውሞቢሉ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ አስጠንቅቃችሁ ቀይራችሁለታል፤ ይህ የአደጋ መነሻ ስለሆነ ውለታው ትልቅ ነው።

ነዳጅ መቅጃውን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያዘጋጃችሁት ስሌቱን አውቃችሁ ነው። 40 ሊትር የሚይዝ ታንከር፣ ማሽኑ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ሊትር እየጠጣ፣ በወረቀት ላይ 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስኬዳል። አዲስና ጥልቅ በረዶ ሲኖር ግን ይህ ቁጥር አይታመንም። ግማሹ ላይ መሙላት ይሻላል፤ ዘይቱም እዚያው ይታያል።

ማረፊያዋ ውስጥ እሳት አንድዳችሁ ጓንትና የራስ ቁር መስታወት ላደረቃችሁልን፦ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በሆነ አየር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ የተጋለጠ ቆዳው ላይ ብርዱ እንደ ከዜሮ በታች 31 ሆኖ ይሰማዋል። በላብ የራሰ ጥጥ ልብስ የለበሰ ሰው ከዚያ ማረፊያ ቀይሮ ባይወጣ ኖሮ ሌላ ወሬ በተሰማ ነበር። ሞባይሎቻችንን ከውስጥ ኪስ እንድናደርግ መክራችሁናል፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይዳከማልና።

ከፊት የመራችሁና ከኋላ የዘጋችሁ ሰዎች፣ ሥርዓታችሁ የሚደነቅ ነበር። በእያንዳንዱ መገንጠያ የፊተኛው ሰው ተከታዩን በዓይኑ እስኪያይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ይህች አንዲት ደንብ ከተከበረች ሰው አይጠፋም። በብናኙ ውስጥ ርቀት እንድንጠብቅ፣ አስፋልት ስናቋርጥ ፈጽመን ቆመን፣ ቀጥ ባለ መስመር እንድናልፍ አድርጋችኋል። የመጨረሻው ነጂ ጡጫውን ጨብጦ በትከሻው ትክክል ሲያሳይ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ እንደሌለ ያውቃል። አንድ ማሽን ሲቆምም ከመጎተታችሁ በፊት ቺንጋውን አወጣችሁ፤ ሳይወጣ ቢጎተት ሰንሰለቱ ፍሪሲዮኑን እያዞረ ሌላ ጉዳት ይጨምር ነበር።

ካርል ኤሊያሰን በ1924 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ሴይነር የሠራውን የሞተር ተንሸራታች፣ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር በ1959 ከካናዳ ኩቤክ ቫልኩር ለገበያ ያወጣውን ስኪ ዱ የተባለ ስኖውሞቢል ብዙዎች በስም ያውቃሉ፤ ማሽን የሠራ ስሙ ይቀራል። መንገድ የሠራ ሰው ስም ግን የትም አይጻፍም፤ ለዚህም ነው ይህን መልእክት በአደባባይ የምንጽፈው።

ባለ መሬቶች፣ እናንተን ወደ መጨረሻ ያቆየናችሁ ያለ እናንተ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ስለማይኖር ነው። መንገዱ ብዙ ቦታ የሚያልፈው በእናንተ ማሳና ጫካ ነው፤ የፈቀዳችሁትም በቅንነት ነው። አንድ ሰው ከመስመር ወጥቶ በረዶው በሳሳበት የተዘራ ማሳ ላይ ቢነዳ፣ ከሥሩ ያለውን ቡቃያ ይገድላል፤ ወጣት የተተከሉ ዛፎች ጫፋቸው በበረዶ ተሸፍኖ ሳይታይ ይሰበራሉ። ባለ መሬቱ አጥሩን ሲዘጋም የሚቋረጠው የእሱ መሬት ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኙ ያለው መስመር በሙሉ ነው። ዘንድሮ ከመስመር የወጣ እንደሌለ ከኋላ የዘጉት አረጋግጠዋል። የከፈታችሁትን በር እንደነበረ ዘግተናል።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር በማሳው ውስጥ ያሉት የምልክት ካስማዎች እርሻ ሳይጀመር መነቀል አለባቸው፤ ማረሻ ካገኛቸው ማረሻውም ካስማውም ይሰበራል። ለዚያ ሥራ እንገኛለን። ሌሎች ነጂዎችም ወፍራም ጓንት፣ መዶሻና ካስማ የሚጫንበት ተጎታች ይዛችሁ ብትመጡ ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል። እስከዚያ መንገዱ “ተዘግቷል” የሚል ምልክት ካያችሁ፣ ላዩ ነጭ ቢመስልም አትግቡበት።

ብድራችሁን መክፈል አንችልም፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጉዞው ተሳታፊዎች