ጥርሱን እንዳትጥሉት

ይድረስ ለእናቴ፤ ደሴ፣ ሸዋ በር

አሰላሙ አለይኪ እማ። እንዴት ነሽልኝ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ትልቋ ሒሳብ አስቸግሯታል እንጂ ሌላው ቀንቷታል። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ እያፏጨ ነው የሚያወራው። ጥርሱን ጣራ ላይ ይወርውር ብለሽ ነበር። እኛ እኮ የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ጣራው የሰው ነው። በቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ።

ይህን የምታነብልሽ የወንድሜ ልጅ ናት። አንቺ ልጅ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢላት፤ እየዘለልሽ እንዳታሳጥሪ።

መጀመሪያ ኪኒንሽ። ወንድሜ የግፊቱን ቀን በቀን ለይቶ በሳጥን አድርጎልሻል። ከሳጥኑ ውጪ እንዳትወስጂ። ጀበናውን ከሰል ላይ ጥደሽ ሰኞ ገበያ መሄድሽንም ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ አትበይኝ። ጀበናው ቢፈነዳ ይገዛል፤ ቤቱ ቢቃጠልስ?

ይሁን፣ እሱን ልተወው። ስለ ሥራዬ ላውራሽ፤ መቼም ጠይቀሽኝ አታውቂም። «እኛ ሳይንት ዝንጀሮ ስናባርር አደግን፣ አንቺ ዝንጀሮ ልትቀልቢ አሜሪካ ድረስ ሄድሽ» ብለሽ ጎረቤቱን ስታስቂብኝ እኔም ስቄያለሁ። ግን እማ፣ ዝንጀሮ አልቀልብም። የአውሬ ግቢ በር ላይ ቆሜ ትኬት ነው የማየው።

በ2012 ያ የኮሮና በሽታ ሲመጣ ሁሉም ተዘጋ። ሱቅ ሲዘጋ ባለቤቱ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቤቱ ይገባል። የአውሬ ግቢ ግን ተዘግቶም አይዘጋም። ዝሆኑ ድርቆሹን ይላል፣ አንበሳው ሥጋውን ይላል። ቀላቢው ንጋት ላይ መድረስ አለበት። የተዘጋው ገንዘብ የሚገባበት በር ብቻ ነው። እዚያ በር ላይ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

እናም መጀመሪያ ያሰናበቱት እኛን ነው። ለ3 ወር። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

ያን ሰሞን ቤት ቁጭ ብዬ የማነበው የሌሎች ግቢዎችን ወሬ ነበር። ጀርመን አገር ኖይሙንስተር ያለው፣ ገንዘቡ ካለቀ የትኛውን እንስሳ አርደን ለየትኛው እናብላ ብሎ ዝርዝር እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። ቪተስ የሚሉት የበረዶ ድብ የመጨረሻው ተራ ደረሰው። ደግነቱ ወደ ማረዱ አልሄዱም። እኔም ወረቀት አወጣሁና ከወጪዬ ምኑን ልቁረጥ ብዬ ጻፍኩ። ሥጋ፣ ኢንተርኔት፣ የልጆቹ ጫማ። ለአንቺ የምልከውን መጨረሻ ላይ ጻፍኩት። ድቡ አንቺ ነበርሽ።

ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቶሮንቶ ሰውን ከነመኪናው አስገቡት፤ ሳይወርድ ቀጭኔውን አይቶ ይወጣ ነበር። እኛ ጋ በሰዓት ሆነ። ሰው ቀድሞ በስልኩ ሰዓት ይይዛል፣ በያዘው ሰዓት ይመጣል፣ መሬት ላይ የተቀባውን ቀስት እየተከተለ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄድ ነበር። ቤት ውስጥ ያሉት እንስሳት አይታዩም ነበር። ግማሽ ሰው ሲገባ ግማሽ ገንዘብ ይገባል ብለሽ እንዳታስቢ። ግቢው ከትኬቱ ሌላ በበርገሩና በአይስክሬሙ፣ ልጅ አልቅሶ በሚያስገዛው የጨርቅ አንበሳ ነው የሚኖረው። ያ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ዝሆኑ ግን ግማሽ አይበላም።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ይዞ 40 ደቂቃ አርፍዶ መጣ። መመለስ ነበረብኝ። ከዘራውን ቀስቱ ላይ ተክሎ «ወዴት ነው የሚያሳየው?» አለኝ። ልክ የአባዬ አቋቋም። አስገባሁት። አለቃዬ አይቶ ዝም አለኝ።

አባዬ በኤንትሬ የጭነት መኪናው ይዞኝ አዲስ አበባ የሄድን ጊዜ፣ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወስዶኝ ነበር። ከጃንሆይ አንበሶች የተወለዱ ናቸው እያለ ትከሻው ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። አንዱ ሲያዛጋ አባዬ ወደ ኋላ አፈገፈገና ጫማው ወለቀ። አንቺ ያን ቀን ለምን እንዳልመጣሽ ሁለታችንም እናውቃለን።

እማ፣ አንድ ነገር ልበልሽ። አባዬ በዚያ ረመዳን ሲሞት በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁትም። «አባትሽ አፈር ሲገባ አንቺ አውሬ ጠብቂ» አልሽኝ። ሰው እንዳይሰበሰብ ተከልክሎ ከቅሬው የመጡት 4 ሴቶች ናቸው፤ አራቱም ሰምተውሻል። እኔ እኮ ያን ቀን የምጠብቀው አውሬ አልነበረኝም። ሥራ ፈትቼ ነበር። ብበርርም አዲስ አበባ በራሴ ወጪ 14 ቀን ሆቴል ይዘጉብኝ ነበር። አባዬ የተቀበረው በዕለቱ ነው። ለሰደቃው ብዬ የላክሁት በእጄ የነበረውን ሁሉ ነው።

ካናዳ ካልጋሪ ሁለት ፓንዳዎች ነበሩ። ምግባቸው ቀርከሃ ነው። ከቻይና የሚያመጣላቸው በረራ ሲቋረጥ በኅዳር 2013 በአውሮፕላን ወደ ቻይና መለሷቸው። ያን ዜና ሳይ እንዴት እንዳለቀስኩ። ባለቤቴ ለፓንዳ ነው የምታለቅሺው ብሎ ሳቀብኝ።

ያልሽኝ በሐዘን ነው፣ አውቃለሁ። ይቅርታ በይኝ ብዬም አይደለም። እውነቱን ሳታውቂ እንዳይቀር ነው። ወይ ደግሞ...

ቶኪዮ ሱሚዳ የሚባል የዓሣ ማሳያ አለ። እዚያ እባብ የሚመስሉ ቀጫጭን ዓሦች አሉ፤ ከአሸዋው አንገታቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ይውላሉ። ያኔ ወደ 300 ይሆኑ ነበር። ቦታው ተዘግቶ ሰው ሲጠፋባቸው ሰውን ረሱ። ቀላቢያቸው ብቅ ሲል እንኳ አሸዋ ውስጥ ይገቡ ጀመር። ሠራተኞቹ ጨነቃቸው፤ መታመማቸውን በምን ይወቁ? አባዬን ባጣንበት ሰሞን፣ በሚያዝያ 2012፣ መስታወቱ ፊት 5 ታብሌት ደርድረው ለ3 ቀን ሰው በቪዲዮ እንዲደውልላቸው ለመኑ። ደዋዩ እጁን እያወዛወዘ ያወራቸዋል። እንዳይደነግጡ ግን ድምፁን ከፍ ማድረግ አይችልም።

ባለፈው ስደውል በአክስቴ ስም ጠራሽኝ። ተሳስታ ነው ብዬ አለፍኩ። ስንሰነባበትም እንደዚያው ጠራሽኝ። እኔም በአክስቴ ስም አቤት አልኩሽ።

ስለዚህ ከእንግዲህ በየቅዳሜው ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ በቪዲዮ እደውላለሁ። አንቺ ልጅ፣ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፊው፤ ባለፈው ጣራውን ብቻ ነው ሳይ የቆየሁት። ድምፄንም አልጮህም።

ይህን ደብዳቤ ካደረሰላችሁ ሰው ጋር ቡናማ ጫማና የእግር ቅባት ልኬያለሁ። በሶፍት የተጠቀለለችው ትንሽ ነገር የልጁ ጥርስ ናት። እንዳትጥሏት። ቅዳሜ እስክደውል ጠብቁንና ያኔ እማ ጣራው ላይ ትወርውረው። ቆርቆሮው ኳ ሲል ልጁ ይስማ።