ስለ አሚዮዳሮን ክትትል ለመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። የምጽፍልዎ ለልብ ምት መዛባት ስለሚታዘዘው አሚዮዳሮን ነው። ይታገድ አልልም፤ ሌላው መድኃኒት ያልመለሰውን አደገኛ የምት መዛባት ሲመልስ ይታወቃል፣ ልባቸው ለደከመ ሕሙማንም ከብዙዎቹ አቻዎቹ ይልቅ ይመረጣል። ጥያቄዬ ሕመምተኛው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ የክትትል ካርድ ሳይሰጠው መድኃኒቱ ከእጃችን እንዳይወጣ ነው።

ባለ 200 ሚሊ ግራሟ ክኒን 75 ሚሊ ግራም ያህል አዮዲን ትይዛለች። ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። በክኒኗ ያለው ሁሉ ባይለቀቅም፣ የሚለቀቀው ብቻውን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ የተነሣ አዮዲን የሚጠቀመው፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ በአንዱ ሰው ይዳከማል፣ በሌላው ከልክ ያልፋል። የመጀመሪያው ድካሙን በዕድሜው ያሳብባል። ሁለተኛው ይከሳል፣ ልቡም እንደገና መዛባት ይጀምራል፤ ያኔ መድኃኒቱ አነሰው ብሎ መጠኑ እንዲጨመር የሚያስብ አይጠፋም። ሳንባ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ በደረቅ ሳልና በትንፋሽ ማጠር ስለሚጀምር የሳንባ ምች ወይም የልብ ድካም መስሎ ይታለፋል። ይባስ ብሎ መድኃኒቱ በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻል። መዋጡ ከቆመ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሥራውን ይቀጥላል።

የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አሚዮዳሮን ሲጨመርለት ለደም መፍሰስ ይጋለጣል። ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ እየተጠራቀመ ስለሚመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተገኘ መልካም የምርመራ ውጤት ያዘናጋል። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድም ከሆነ የዲጎክሲኑ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ መቀነስ አለበት።

በሳጥኑ ውስጥ መግለጫ አለ ይሉኝ ይሆናል። አለ፤ በደቃቅ ፊደል፣ ለባለሙያ በተጻፈ አነጋገር። ክኒኑ ከሳጥኑ ወጥቶ ሲታደል ደግሞ እሱም ይቀራል። መከታተል የሐኪሙ ሥራ ነው የሚልም አለ። እውነት ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ያስጀመረው ሐኪምና ማዘዣውን የሚያድሰው ሐኪም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ምቱ ከተስተካከለ ደግሞ ማንም አይጠይቅም።

የተስተካከለ ምት ግን የደኅንነት ማስረጃ እንደማይሆን በውድ ዋጋ ተምረናል። ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ የተባሉት የልብ ምት መድኃኒቶች የልብ ጡንቻቸው በደም ሥር መዘጋት በተጎዳ ሰዎች ላይ ትርፍ ምቶችን ጸጥ ያደርጉ ነበር፤ ሐኪሞችም ተማምነውባቸው ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ይፋ የሆነው ሙከራ ግን እነዚህን መድኃኒቶች ከወሰዱት መካከል የሞቱት፣ የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ይልቅ መብዛታቸውን አሳየ።

ስለዚህ ካርዱ የመድኃኒቱ ምዝገባ ግዴታ ይሁን። መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀንና መጠኑ፣ ሕክምናው ሲጀመርና ከዚያም በየስድስት ወሩ የሚደረገው የታይሮይድና የጉበት ምርመራ፣ መጀመሪያ የተነሣው የደረት ራጅ፣ አብረው የሚወሰዱ መድኃኒቶች ይጻፉበት። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ብዥታ ሲመጣ ሳይዘገዩ ሐኪም ማየት እንደሚገባ፣ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ግን እንደማይገባ በጉልህ ይታተም። የምርመራ ጊዜው ያለፈበትን ሰው ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን ይከልክለው አልልም፤ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በወረቀት ጉድለት መከልከል ራሱ አደጋ ነው። ለሐኪሙ የማሳወቅ ግዴታ ግን ይኑርበት።

የካርዱን ረቂቅ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ። መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት