ድርድሩ ተጀምሯል፤ አባላት የት ናችሁ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ይሰጣሉ ከሚባሉት የመንግሥት ልማት ድርጅቶች በአንዱ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበራችን ደመወዛችንንና የሥራ ሁኔታችንን የሚወስነውን አዲስ የኅብረት ስምምነት ለመፈራረም ከማኔጅመንቱ ጋር ድርድር ተቀምጧል። ለአባላቱም ጥሪ አስተላልፏል፦ በየክፍላችሁ ተወያዩ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ወረቀታችሁን አሰባስቡ፣ በጠቅላላ ጉባኤው ተገኙ። ባለፈው ጥሪ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ቀርቶ የመጣው ሰው ተበትኗል። ይህን የምጽፈው በዚያ ቀን ለቀሩት ባልደረቦቼ ነው። በሌሎች የልማት ድርጅቶች ያሉ ወዳጆቼም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያጫውቱኝ ጉዳዩ የእኛ ግቢ ብቻ አይመስለኝም።

ያልመጡትን ስጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት ነው። «ማኅበሩ ምን ሠራልን?» ይሉኛል። «ሊቀመንበሩና ማኔጅመንቱ ተስማምተው ይጨርሱታል» የሚሉም አሉ። ቅሬታው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ስምምነት ተፈርሞ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ይዘቱን ያወቅንበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን እኛ በሌለንበት የሚካሄድ ድርድር እንዴት ሆኖ የእኛን ጥያቄ ይዞ ሊመለስ ይችላል? ተደራዳሪዎቹ ከእኛው የተመረጡ ሠራተኞች ናቸው። ማኔጅመንቱ ከሕግ ክፍሉ፣ ከፋይናንሱና ከሰው ሀብቱ የተዘጋጀ ሰነድ ይዞ ይቀርባል። የእኛዎቹስ ምን ይዘው ይቅረቡ?

ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው ደግሞ የእኛ ድርጅት ዓይነት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሌላ ፋብሪካ ያለ ሠራተኛ ድርድሩ ካልሰመረ፣ የዕርቅ ሙከራ ተደርጎ፣ ድምፅ ተሰጥቶና የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ሥራ ማቆም ይችላል። እኛ አንችልም። ውኃ፣ መብራትና እነሱን የመሳሰሉ አገልግሎቶች የሚሰጥ ሠራተኛ ከሥራ ማቆም መብቱ ውጭ ተደርጓል። ክልከላው ሰፍቷል ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ሆስፒታል ያለ መብራት ይደር የሚል ሰው እኛ ዘንድ የለም። በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ካልተስማማን ክርክሩ የሚሄደው ለዚሁ ወደሚቋቋም ጊዜያዊ ቦርድ ነው። ቦርድ ደግሞ የሚያየው ወረቀት ነው። የስንቶቻችን የትርፍ ሰዓት ሳይከፈል ቀረ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ፈረመበት? ይህን ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሊያውቀው አይችልም። የሚያውቀው ሌሊት ተጠርቶ የወጣው ሰው ነው።

የትርፍ ሰዓቱን ነገር ላስረዳ። አዋጁ ግልጽ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 የተሠራው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥም የለበትም። እኛ ጋ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሌሊት መስመር ሲበላሽ ስልክ ይደወላል፣ መኪና ይመጣል፣ ሥራው ተሠርቶ ይነጋል። በነጋታው ቅጹ ላይ «በዕረፍት ይካካስ» ተብሎ ይጻፋል። ያ ዕረፍት አንድም ሰው በመጉደሉ፣ አንድም ሥራ በመደራረቡ እየተገፋ ዓመቱ ያልቃል። ብዙዎቻችን የቅጹን ኮፒ እንኳ አንይዝም። ማኅበሩ «ኮፒ አምጡ» ሲል የቢሮክራሲ አመል የሚመስላቸው አሉ፤ ቦርድ ፊት ግን ያቺ ወረቀት ከሊቀመንበሩ ንግግር ሁሉ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ነገር ስምምነቱ ላይ የሚጻፈው ብር ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡበት እለምናለሁ። የኅብረት ስምምነት ራሱ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር ለሦስት ዓመት አይነካም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አለፈ። በእኛ ስምምነት ውስጥ ከዚያ በፊት በብር ቁጥር የተጻፈ ጥቅም ሁሉ በነበረበት ተቀምጦ ቀረ። የደህንነት ጫማ መግዣ ተብሎ የተወሰነችው ብር ዛሬ መርካቶ ደህና ጫማ አትገዛም፤ ሠራተኛው ከኪሱ ይጨምራል፣ ካልሆነም ሶሉ የተበላውን ተጫምቶ ውኃ ውስጥ ይገባል። የትራንስፖርት አበሉም፣ የቀብር ማስፈጸሚያውም እንዲሁ ነው። በኬሚካል ክፍል ላሉት «በየሥራ ቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት» ተብሎ የተጻፈው አንቀጽ ግን ዛሬም ግማሽ ሊትር ወተት ነው። ገበያው ቢወጣ ቢወርድ ያቺን አንቀጽ ማንም አልሸረሸራትም። ያን አንቀጽ ያስገቡት የክፍሉ ሠራተኞች ናቸው፤ ከተደራዳሪዎቹ ጋር ተቀምጠው «ብር አንፈልግም፣ ወተቱን ጻፉልን» ብለው ነው ያስጻፉት። እንዲህ ያለ እውቀት ያለው በየክፍሉ ነው። ጫማው በዓይነት ይቅረብ፣ አበሉ ከደመወዝ በመቶኛ ይታሰብ፣ ሕክምናው በየትኛው ሆስፒታል ይሁን የሚለውን የሚያውቀው ተጠቃሚው ነው። አሁን ካልተናገረ ደግሞ ሌላ ሦስት ዓመት መጠበቁ ነው።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል በእኛ ግቢ «ለእኛም ይደርሰን ይሆን?» እየተባለ ብዙ ተወርቷል። አልደረሰንም፤ ድርጅታችን የራሱ የደመወዝ ስኬል ስላለው የእኛ ጭማሪ የሚገኘው በዚሁ ድርድር በኩል ነው። እዚህ ላይ ግን ልብ የሚነካ ነገር አለ። በሚኒስቴርና በቢሮ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም፤ ከአሠሪው ጋር ለኅብረት ስምምነት የሚቀመጥበት ጠረጴዛ የለውም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲደራጁ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያም የመደራጀትና የመደራደር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና 98ን፣ ያጸደቀችው በ1955 ነው። ለቢሮ ሠራተኛው ግን መብቱ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል። የተጨመረለትን ሰምቶ ይቀበላል እንጂ «ይህን ጨምሩልኝ» ብሎ አይደራደርም። እነሱ ያጡትን ጠረጴዛ እኛ አግኝተን ወንበሩን ባዶ እናስቀምጠው?

ማኔጅመንቱንም በአንድ ነገር እወቅሳለሁ። በመንግሥት ድርጅት ውስጥ በድርድር የሚቀመጠው ሰውና ገንዘቡን የሚፈቅደው ሰው አንድ አይደሉም። ገንዘብ የሚነካ አንቀጽ ላይ በተደረሰ ቁጥር «ቦርዱን እንጠይቅ» ይባላል፤ ይህ ክርክር የሚያየው ጊዜያዊ ቦርድ ሳይሆን የድርጅቱ የራሱ ቦርድ ነው፤ የቦርዱ ስብሰባ ይራዘማል፤ በመሀል ኃላፊ ይቀየራል፤ አዲሱ ኃላፊ «ፋይሉን ልየው» ይላል። አዋጁ የድርድር ጥያቄ በጽሑፍ የደረሰው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ሌላውን ለድርድር እንዲጠራና ሁለቱም በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ያዝዛል። መወሰን የማይችል ሰው ልኮ ወራት ማስቆጠር ቅን ልቦና ሊባል አይገባም። ይህን መጓተት የሚያሳጥረው አንድ ነገር አውቃለሁ። ቦርዱ አምስት ሰው የፈረመበት ደብዳቤ ሲደርሰውና የሁሉም ቅርንጫፍ ሠራተኛ የፈረመበት ሲደርሰው አጀንዳው የሚያዝበት ቦታ ይለያያል። የፊርማ ወረቀቱ አሁን በየክፍሉ ደርሷል። በእኛ ክፍል ግማሹ መስመር ባዶ ነው።

የፍርሃቱን ነገር አላቃልለውም። የማኅበር አባል መሆንም ሆነ በማኅበሩ ሕጋዊ እንቅስቃሴ መሳተፍ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ ይደነግጋል። ያም ሆኖ በኮንትራት የተቀጠረ ልጅ ውሉ ሳይታደስ ቢቀር ምክንያቱን ማን ይነግረዋል? እነዚህን ልጆች ከፊት ቁሙ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ቋሚ የሆንነው፣ በተለይ ረጅም አገልግሎት ያለን፣ የእነሱንም ጥያቄ በእኛ ስም ማንሳት አለብን። ለቋሚ ሥራ በየጊዜው የሚታደስ ኮንትራት እንዲያበቃ ረቂቁ ውስጥ አንቀጽ ገብቷል። ለዚያ አንቀጽ ድምፅ ለመስጠት ያልመጣ ቋሚ ሠራተኛ ሻይ ቤት ስለ ልጆቹ ቢያዝን ለልጆቹ ምን ይጠቅማቸዋል?

ለማኅበራችን አመራሮችም የምለው አለኝ። ጠቅላላ ጉባኤው ቅዳሜ ጠዋት ሲጠራ የሌሊት ፈረቃው እንቅልፍ ላይ ነው፤ ሕፃን ያላቸው እናቶችም ልጅ የሚይዝላቸው የለም። የሕፃናት ማቆያ ጥያቄ በየስምምነቱ ረቂቅ መጨረሻ ገጽ ላይ እየተጻፈ መጀመሪያ የሚጣለው ጠያቂዎቹ ስብሰባው ላይ ስለማይገኙ ነው ብዬ አምናለሁ። በፈረቃ ሁለት ጊዜ ሰብስቡን፤ አንዱን በሥራ ሰዓት ለማድረግ ማኔጅመንቱን ጠይቁ። የየዕለቱ ድርድር በምን እንደተጠናቀቀ አጭር ማስታወቂያ በየቅርንጫፉ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። የተስማማችሁበትንም ያልተስማማችሁበትንም ጻፉ። ማኔጅመንቱ «ድርድሩ ምሥጢር ነው» ቢላችሁ በድርድሩ የሥነ ሥርዓት ደንብ ላይ ያልሰፈረ ምሥጢር እንዳትቀበሉ። ሰው የሚርቀው ከማያውቀው ነገር ነው፤ የቴሌግራም ወሬ ቦታውን የያዘውም የእናንተ ማስታወቂያ ስለጠፋ ነው።

የዝግጅት ክፍሉንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ስለ ሠራተኛ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ የሜይ ዴይ ዕለት ነው። በየልማት ድርጅቱ የሚደረገው የኅብረት ስምምነት ድርድር የብዙ ሺህ ቤተሰብ ኑሮ የሚወሰንበት ስለሆነ በሂደት ላይ ሳለ ጋዜጠኛ ላኩ። የድርጅቶቹን ቦርዶች ለምን እንደሚዘገዩ ጠይቁ።

ባልደረቦቼ፣ ጉባኤው በድጋሚ ተጠርቷል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት የደመወዝ ወረቀት፣ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ቅጽ ካላችሁ ኮፒውን፣ ከኪሳችሁ ለገዛችሁት የሥራ ዕቃ ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ። ደረሰኝ የሌለው የዕቃውን ዓይነትና የገዛበትን ዋጋ ጽፎ ይፈርምበት፤ የክፍል ተወካዮች መዝገብ ይዘው በር ላይ ይጠብቃሉ። የሌሊት ፈረቃ ያላችሁ ወረቀታችሁን ለእኔም ሆነ ለክፍል ተወካያችሁ ዓርብ ማታ ብትሰጡ እናደርስላችኋለን።

አንድ የጥገና ክፍል ሠራተኛ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)