ታይፎይድ አልነበረም

ይድረስ ለአባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ሰነበቱ አባየ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ገብቷል፤ ቀን ቀን ቆርቆሮው ሲንጣጣ ይውላል። ብዕር ያነሳሁት በስልክ ማለት ያልቻልኩት ነገር ስላለኝ ነው። በስልክማ እኔና እርስዎ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?" ተባብለን ካርዱ ሳይነካ እንዘጋዋለን።

ይህን የሚያነብልዎ ያው የወንድሜ ልጅ ነው። አንተ ልጅ፣ ረጋ ብለህ አንብብ፤ እንዳትዘል። ቡና የሚጠጣ ጎረቤት ቢኖርም ድምፅህን ዝቅ አታድርግ።

አባየ፣ ለአረፋ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። እንደ አምናው ቤቱ ይሞላል፤ አክስቶቼ ከወረባቦ ይመጣሉ፣ ከአዲስ አበባም የሚመጣው ይመጣል። ሁሉም ጉንጬን እየሳመ "ታይፎይዱ ለቀቀሽ ወይ?" ይለኛል። አምና አንገቴን ደፍቼ "ለቀቀኝ" ብያለሁ። ዘንድሮ ግን አልችልም። ታይፎይድ አልነበረም።

ስሙን እርስዎ እንዳልፈጠሩት አውቃለሁ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ነው ደሜን ወስዶ "ታይፎይድ" ያለኝ። አምስት ቀን መርፌ ተወጋሁ፤ መቀመጫ አሳጣኝ እንጂ አልፈየደልኝም። ኋላ ደሴ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ገብተን "ከባድ ድባቴ ነው" ስንባል እርስዎ ቆብዎን አውልቀው ጉልበትዎ ላይ አኖሩት። ቤት ስንደርስ ደጅ ላይ ለተቀበሉን ሰዎች "ታይፎይዱ ነው የጠናባት" አሉ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። "አበደች" ከሚሉኝ እሱ ይሻለኝ ነበር። ወባና ታይፎይድ የያዘው ሰው አጥሚት ተይዞ ይጠየቃል። እንደኔ ያመመው ግን ጓዳ ውስጥ ነው የሚደበቅ።

ስሙ ሲቆይ ግን ጎዳኝ። ታይፎይድ መርፌውን ጨርሰው የሚገላገሉት በሽታ ነው። የኔ እንደዚያ አልሆነም። "ድነሽ የለም እንዴ፣ ታዲያ ክኒኑ የምንድን ነው?" ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። መልስ ሳጣ ክኒኑን ተውኩት። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የሆነውን በአፌ ነግሬዎት አላውቅም። 2016 የሰኔ ሒሳብ ልንዘጋ ስንጣደፍ አንድ የደረሰኝ ክምር ሦስት ጊዜ ደምሬ ሦስት ዓይነት ድምር መጣልኝ። ደህና እንቅልፍ ከተኛሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። በማግስቱ ወደ እናንተ ልመጣ ደሴ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቶቹ "ሐይቅ! ሐይቅ! ውጫሌ! መርሳ!" ይጮኻሉ። ሐይቅ ሲሉ እሰማለሁ፤ የምሄድበት እሱ መሆኑን ግን አላውቀውም። ቦርሳዬን ታቅፌ ከጧት እስከ ዙሁር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን ተቀብላ የደወለችልዎ ቆሎ ሻጭ ናት። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። ጎረቤታችን እትየ በጀሪካን ጠበል ይዘው ሲመጡ እርስዎ "የአላህ ውሃ ነው፣ ጠጪ" አሉኝ። ሐሙስ ማታ ዱዓ ሊያደርጉልኝ ወደጃ ተቀመጡልኝ። ጧት ጧት ደግሞ ክኒኗን ከነውሃዋ ይዘው ከራስጌዬ ይቆማሉ። ነርሷ "ፍሉኦክሰቲን ይባላል፣ 20 ሚሊግራም፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለውጥ ባታዩ ተስፋ እንዳትቆርጡ" ብላን ነበርና፣ ቀኑ እንዳይጠፋብዎ ክኒን በዋጥኩ ቁጥር አንድ ፍሬ በቆሎ ፍንጃል ውስጥ ይጥሉ ነበር። "ኳ" የምትለዋን ድምፅ ሳልሰማ ከአልጋ አልነሳም ነበር። ጫት ይቅር፣ ከቀትር በኋላም ቡና ይቅር ስትለን ግን የከበደን ቡናው ነው። ወሎየ ሆና ቶናና በረካ የሚያልፋት ሴት! አላህ ይዘንላትና እማየ ብትኖር ኖሮ ነርሷን ቡና ጠርታ ትሟገታት ነበር።

አስራ ሰባተኛዋ ፍሬ ላይ ይሁን አስራ ስምንተኛዋ፣ "ሽሮው ጨው በዝቶበታል" ብዬ ሰሃኑን ገፋሁት። የወንድሜ ሚስት ፊቷ ሊቀያየር ሲል እርስዎ "አልሐምዱሊላህ! ጨው በዛ አለች!" ብለው ብድግ አሉ። ለካ እስከዚያ የምጎርሰው ሁሉ አመድ አመድ ሲለኝ ነው የከረመው። ከጨው ቀጥሎ የተመለሰልኝ ቁጣ ነው፤ ዶሮዋን ሳይቀር እቆጣ ነበር። ልቅሶ ቆይቶ መጣ። ሳቅ ከሁሉ መጨረሻ።

ጥሩ ስሆን ነርሷ "ከዳንሽ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ትቀጥያለሽ" ብላኝ ነበር። እኔ ግን ሰው ፊት "የዳነች" መሆን አማረኝ። ክኒኑን ከምላሴ ሥር አድርጌ ውጭ ወጥቼ እተፋው ነበር። በቆሎዋ ግን ትጣላለች። አንድ ወር ያህል ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም "አይ ነርስ!" አልኩ። ከዚያ እንቅልፌ ሄደ፤ ሽሮውም ጣዕሙ ጠፋ። አንድ ቀን ጧት ፍንጃሉን መደቡ ላይ ገልብጠው "የዋጥሻቸውን ብቻ ለይልኝ" አሉኝ። ፍሬዎቹን በጣቴ እየገፋሁ ስለይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልተቆጡኝም። የውሸቷን ክምር አንስተው ለዶሮዎቹ በተኑላቸውና ከአንድ ጀመርን።

እኔ ያንን ያህል ከታየሁልዎ፣ እኔም ያየሁትን ልንገርዎ።

ያን ሰሞን ሌሊት በነቃሁ ቁጥር በሩ አጠገብ በርጩማው ላይ ነበሩ። ሙሰበሃዎ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔን የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር። ኋላ መድኃኒቱ ሠርቶ ደህና መተኛት ስጀምር፣ ለሱብሂ ስነሳም እዚያው ነዎት። ውሻ ሲጮህ ተነስተው መቀርቀሪያውን በእጅዎ ይነካሉ፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። የወንድሜን ሚስት ስጠይቃት "ይኸማ ከ2014 ጀምሮ ነው" አለችኝ።

ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ሲመጣ ወንድሜ ልጆቹን ይዞ ወጣ፤ እኔም ከኮምቦልቻ ተከትያቸው ደብረ ብርሃን ገባን። እርስዎ "ቤቱንና በሬውን ትቼ አልሄድም" ብለው ቀሩ። ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ ተመለሱ ከተባለ በኋላ ስንመጣ በሬው የለም፣ እርስዎ አሉ። የበሬውን ነገር ነገሩን። የሌላውን አልነገሩንም፤ እኛም እርስዎን በማግኘታችን ብቻ ደስ ብሎን አልጠየቅንም። አሁን ሳስበው ባንጠይቅዎ ቅር ይለኛል።

ከአረፋ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ደሴ ቀጠሮ አለኝ። አብረን እንሂድ። እኔ ስገባ ውጭ አይቀመጡ፤ ይግቡና የሌሊቱን ነገር ለነርሷ ይንገሯት። ለልጅ መንገር ይከብዳል፣ ይገባኛል። ለእሷ ግን ይቀላል፤ እኔም ለእርስዎ ያልነገርኩትን መጀመሪያ የነገርኩት ለእሷ ነው። ክኒን ይሰጡኛል ብለውም አይፍሩ፤ አንዳንዱን ሰው አስቀምጠው ማነጋገር ብቻ ነው። ለጎረቤት "ጉልበቴን ልታይ ነው" ቢሉም ግድ የለኝም። እኔ የራሴን ታይፎይድ ልተው አልኩ እንጂ የእርስዎን ጉልበት አልቀማዎትም።

አንተ ልጅ፣ አያትህ እዚህ ላይ ዝም ካሉ፣ ከ"አብረን እንሂድ" ጀምረህ ድገምላቸው።

ፍንጃሉን ከመደርደሪያው አያንሱት አባየ። በቆሎ ከዚህ አላመጣም፤ የቤቱ ይበቃናል።

ልጅዎ
ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 2018